አንድ መድኃኒት፣ ልዩ ልዩ አካል



በጠንካራ ዐለት ላይ ለቆመ ድልድይ የተሠራ ስሌት፣ አፈሩ ሳይመረመር ለሌላ ወንዝ እንደማይውል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። በመድኃኒት መጠን ረገድ ግን ይኸው ጥንቃቄ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ኖሯል።

ለዚህም ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ኮዴይን በራሱ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ሕመምን በዋናነት የሚያስታግሠው ከፊሉ በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ይህን ለውጥ የሚያከናውነው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ የአሠራሩ ንድፍ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ በሚገኝ ጂን ተቀርጿል። አብዛኛው ሰው ከእናቱና ከአባቱ አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹበት ሰው ኮዴይን ቢውጥ እምብዛም እፎይታ አያገኝም። በአንጻሩ ደኅና ቅጂዎች የተደራረቡለት ሰው ኢንዛይሙን በብዛት ያመርታል፤ ስለሆነም ለሌላው የተለመደው መጠን ለእርሱ ከልክ ያለፈ ሞርፊን ሊሆንበት፣ ትንፋሹንም ሊያዳክምበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን የተደራረበ ጂን ይዘው ተገኝተዋል። በስዊድናውያን ዘንድ የታየው ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ውርስ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት በአገር ቤትና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጽሯል። የጂናቸው ዓይነት ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ በአገር ቤት በሚኖሩት ዘንድ የኢንዛይሙ ሥራ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ይኸውም ንድፉ አንድ ቢሆንም አካባቢ በምርቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ያመለክታል።

ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ቶንሲላቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው በኋላ ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት በመሞታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017ም መድኃኒቱ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ ወሰነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሰውን በዜግነቱ መመደብ አይደለም። ከ100 ኢትዮጵያውያን 29ኙ ቢለዩ 71ዱ አይለዩምና፣ የትውልድ አገር የምርመራን ቦታ ሊተካ አይችልም። አማካይ ቁጥር ለሠንጠረዥ ይበጃል፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ግን አማካዩ ሳይሆን አንዱ ሰው ነው። እንግዲህ ድልድይ የሚሠራ አፈሩን እንደሚመረምር ሁሉ፣ መጠን የሚወስንም በተቻለው ሁሉ ተቀባዩን አካል ይመርምር።