አዲሱ መዝገብ አሮጌውን እንዳያጠፋ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው በኮምፒውተር የተያዘ መዝገብ ከአሮጌ ፕሮግራም ወደ አዲስ ፕሮግራም ሲዛወር፥ በውስጡ ያለው እንዳይጠፋ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ስም ያለበት ስለ ኾነ ትንሽ አይደለም። እኔም ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይኾን ከገዛ ስሕተቴ ነው።

ለዚህ በዓል ዝግጅት በተጀመረ ጊዜ፥ የቀድሞ ተማሪዎችን ዝርዝር አስተካክሎ የማቅረብ ሥራ ለኮምፒውተር ክበባችን ተሰጠ። ዝርዝሩ በመዝገብ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ፥ ማይክሮሶፍት አክሰስ 97 በሚባለው ፕሮግራም ተይዞ ይገኝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ስለ መጣ፥ ዝርዝሩን ወደ እርሱ ማዛወር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መሰለን። ነገር ግን አዲሱ ፕሮግራም ፋይሉን አልከፍትም አለን።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አክሰስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፥ ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ከአንድ ጊዜ በላይ ተለውጧል። የ97ቱ እትም ፋይልና የ2000ው እትም ፋይል ሁለቱም ኤምዲቢ የሚል ቅጥያ ቢኖራቸውም፥ ውስጣቸው አንድ አይደለም። በ2007ቱ እትም ደግሞ ኤሲሲዲቢ የሚባል ሌላ ዓይነት ፋይል መጣ፤ ይህንንም የ2003ቱ እትም ሊከፍተው አይችልም። ከ2013ቱ እትም ጀምሮ አዲሱ ፕሮግራም የ97ቱን ፋይል መክፈት ተወ። እንግዲህ ከ97 ወደ ዛሬው በአንድ ዝላይ አይኬድም፤ ወንዝ የሚሻገር ሰው በመካከል ያለውን ድንጋይ እንደሚረግጥ፥ ፋይሉን አስቀድሞ በ2003 ወይም በ2010 እትም ከፍቶ መለወጥ፥ ከዚያም ወደ አዲሱ መውሰድ ያስፈልጋል።

እኛም የ2003ቱ እትም ያለበትን ኮምፒውተር ፈልገን ፋይሉን ለወጥነው። እስከዚህ ድረስ ሥራችን መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን፥ አሮጌው ሠንጠረዥ አላማረንምና አዲስ ሠንጠረዥ በራሳችን ዐሳብ ሠርተን ስሞቹን ወደ እርሱ ገለበጥን። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይጻፍ ብለን የተማሪውን ስምና የአባቱን ስም መለያ ቁልፍ አደረግን። የልደቱንም ዓምድ የቀን ዓይነት አደረግነው። ትእዛዙን በሰጠን ጊዜ በስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ማስታወቂያ ወጣ፤ በመጨረሻውም ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ማስታወቂያውን ሳላነበው «አዎን» የሚለውን ተጫንኩ። በማግሥቱም አሮጌው ኮምፒውተር ለጀማሪዎች መለማመጃ እንዲኾን በውስጡ ያለው ሁሉ ተደመሰሰ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ሽበታም ሰው፥ በዚህ ትምህርት ቤት መማራቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ፈልገው መጡ። ስማቸውን ፈለግን፤ በስማቸው የሚጠራ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እርሱም ሌላ ሰው ነበር። እኒያ አባት ስንት ዓመት የተቀመጡበትን ትምህርት ቤት፥ «እዚህ አልተማሩም» ልንላቸው ምንም አልቀረንም። እርሳቸውም ዝም ብለው ወደ ግቢው ዛፎች ሲመለከቱ ባየሁ ጊዜ፥ ያደረግሁት ነገር ምን እንደ ኾነ ገባኝ።

በእኛ አገር የሰው መጠሪያ የራሱና የአባቱ ስም ስለ ኾነ፥ በሁለቱም ስም የሚመሳሰሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ቁልፉ ስም በመኾኑ ኮምፒውተሩ አንደኛውን አስገብቶ ሁለተኛውን ከደጅ መለሰው። ያላነበብኩትም ማስታወቂያ ይህንኑ የሚናገር ነበር፤ ይኸውም ይህን ያህል ረድፍ ቁልፉ ስለ ተጋጨ አላስገባሁም፥ ይህን ያህል ዓምድ ዓይነቱ ስላልተስማማ ባዶ አድርጌአለሁ የሚል ነው። ማሽኑ አልዋሸንም፤ የማናነብ እኛ ነበርን።

በልደት ቀኑም ሌላ ጉዳት ደርሷል። አክሰስ የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ስለ ኾነ፥ 13ኛ ወር የለውም፤ ስለዚህ በዚያ አቆጣጠር ቀን ሊኾኑ ያልቻሉት ልደቶች ባዶ ኾኑ። ከዚህ የከፋው ግን የተቀበለው ነው። መስከረም 5 ቀን ተብሎ በቁጥር የተጻፈውን፥ አንደኛው ወር ነውና ጃንዩወሪ 5 ብሎ ያለ ምንም ማስታወቂያ አስገባው። የተከለከለ ነገር ይታያል፤ በስሕተት የተፈቀደ ግን ተሰውሮ ይኖራል።

እንዴት ዳናችሁ ብትሉኝ፥ የዳንነው በራሳችን ብልኀት አይደለም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠው ከወረቀቱ መዝገብ ጋር በመሳቢያ ቆልፈውበት ነበር። ስንጠይቃቸውም፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ፍላሹን ሰጡን። ሥራውንም ከመጀመሪያው ጀመርነው። ከዚህ ያገኘሁትን ትምህርት በአምስት ነገር አሳጥሬ እናገራለሁ።

አንደኛ፥ ያላችሁ ፋይል አንድ ብቻ ከኾነ አትንኩት። አስቀድማችሁ ቅጂ አድርጉ፤ ሥራውም በቅጂው ላይ ይኹን። ስትገለብጡ ሰው ሁሉ ከፋይሉ ይውጣ፤ ፋይሉ ተከፍቶ ሳለ ኤልዲቢ ወይም ኤልኤሲሲዲቢ የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል በአጠገቡ ይታያልና።

ሁለተኛ፥ የገለበጣችሁት መዝገቡን ራሱን መኾኑን እወቁ። አንዳንድ ጊዜ በጠረጴዛችን ላይ ያለው ፋይል ቅጾችን ብቻ ይይዛል፤ ሠንጠረዦቹ ግን በሌላ ፋይል ተቀምጠው በማያያዣ ይታያሉ። ይህን ያልመረመረ ሰው በሩን ገልብጦ ቤቱን ትቶ ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ ከማዛወር በፊትና በኋላ ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ስንት ረድፍ እንዳለ በወረቀት ጻፉ፤ በኋላም አስተያዩ። እኛ ይህን ባደረግን ኖሮ፥ የጎደለውን በዚያው ሰዓት ባወቅን ነበር። ቁጥሩ ቢስማማም እንኳ፥ ከመጀመሪያው፥ ከመካከሉና ከመጨረሻው ጥቂት ረድፎችን አውጥታችሁ በዓይናችሁ ተመልከቱ።

አራተኛ፥ ፊደላችንን አስቡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ አማርኛ የላቲን ፊደል ቦታ ይዞ፥ በልዩ ፎንት ብቻ የሚነበብ ነበር። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስሙ ትርጉም የሌለው ምልክት መስሎ ይታያል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትሰርዙት፤ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብራችሁ ጠብቁ፥ ከዚያም እያመሳከራችሁ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት። የኢትዮጵያንም ቀን በቀን፥ በወርና በዓመት ከፍላችሁ በሦስት የቁጥር ዓምድ አስቀምጡት።

አምስተኛ፥ አዲሱ ሥራውን በሚገባ እስኪያስመሰክር ድረስ አሮጌውን አትጣሉ። ወደ ኤሲሲዲቢ ሲለወጥ፥ ማን ምን እንዲያይ የሚወስነው የአሮጌው የተጠቃሚዎች ፈቃድ አብሮ አይሻገርም፤ ይህን የመሰለው ነገር የሚታወቀው ሰው ሲሠራበት ነው። ከቻላችሁ አሮጌው ፋይል፥ አሮጌው ፕሮግራምና የሚከፍተው ኮምፒውተር አንድ የትምህርት ዓመት በሙሉ አብረው ይቆዩ።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል የዕድር መዝገብ የያዘ፥ የሱቅ ዱቤ የሚመዘግብ፥ በክሊኒክ የሕመምተኛ ካርድ የሚጠብቅ አለ። ልጆቻችሁ «አዲሱ ይሻላል» ብለው ሲመጡ፥ እውነት ይሻል ይኾናል፤ ነገር ግን «ቅጂው የት አለ? ቆጥረሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

እናንተም ከእኛ በኋላ ክበቡን የምትረከቡ ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የኾነ የመዝገብ ቁጥር ሰጥተናል፤ ቁልፉ ከእንግዲህ ስም አይደለም። ቅጂውም በሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ አደራ።

እኒያን አባት በደብዳቤ ጠርተን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ የሚገባቸውንም ማስረጃ ተቀበሉ። ዛሬ በዚህ መጽሔት በታተመው የቀድሞ ተማሪዎች ዝርዝር ላይ፥ ስማቸው የሚመሳሰል የሁለቱ ሰዎች ስም፥ ከነአያታቸው፥ ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል።