የጭቃና የሽቦ ኪነ ጥበብ

ወንድ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም፣ አባቶቻችን ቤት በሠሩበት በጭቃና በጭድ ታንጾ፣ ግድግዳው ራሱ በልዩ ልዩ ቅርጽ አጊጦ ባየሁት ጊዜ፣ የአካባቢያችንን የሆመቾን ልጆች ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ።

ሴት አቅራቢ፦ ምኞትዎ ተገቢ ነው። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ፣ ኤልያስ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ከሩቅ ኅብረ ቀለም ብቻ የነበረው፣ ሲቀርቡት ሽቦና የኮምፒዩተር ቁልፍ ሆኖ ይገኛል።

ወንድ አቅራቢ፦ በዞማ ግቢስ ሰው በጥበቡ ላይ እየተራመደ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ያልፍ የለምን?

ሴት አቅራቢ፦ እንግዲያው በሆመቾ ገበያ ዳር እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ ቢሰናዳ፣ ጭቃ አቡክቶ ቤት መምረግ የሚያውቅ ሁሉ ከተመልካችነት አልፎ ቀራጺ ይሆናል፤ መምህር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅም አያሻም።