በኒውዮርክ ከተማ ስላለው ስለ ብሩክሊን ድልድይና ስለ ሠሪዎቹ የተነገረ ቃል



ዛሬ የምነግራችሁ በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ስላለው ስለ ብሩክሊን ድልድይ ነው፤ ይልቁንም ከውኃ በታች ስለ ተሠራው ስለ መሠረቱ ነው። ዓመታቱን የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የነገሩ መጀመሪያ እንዲህ ነው። ኒውዮርክና ብሩክሊን አስቀድሞ ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ በመካከላቸውም ኢስት ሪቨር የሚባል ሰፊ ውኃ አለ። ሕዝቡ በጀልባ ይሻገር ነበር፤ በብርድ ወራት ግን በረዶው መንገዱን ይዘጋበት ነበር። በ1806 ዓመት በጀርመን አገር ተወልዶ በ1831 ወደ አሜሪካ የተሻገረ፥ የሽቦ ገመድ በመሥራት የታወቀ ጆን ሮብሊንግ የተባለ መሐንዲስ የድልድዩን ንድፍ አወጣ። ነገር ግን በ1869 በወደቡ ቆሞ ስፍራውን ሲለካ ጀልባ እግሩን ቀጠቀጠው፤ መንጋጋ ቆልፍም ይዞት ወር ሳይሞላው ሞተ። ሥራውን የ32 ዓመት ልጁ ዋሽንግተን ተረከበ።

መሠረቱን ለመጣል አፉ ወደ ታች እንደ ተደፋ ጋን ያለ እጅግ ታላቅ የእንጨት ሣጥን ወደ ውኃው አወረዱ። በላዩ የድንጋይ ግንብ እየተሠራ ክብደቱ ወደ ታች ይጫነዋል፤ በውስጡም ውኃ እንዳይገባ በመኪና ኃይል የታመቀ አየር ይነፉበታል። ሠራተኞቹ፥ አብዛኞቹ ከአየርላንድ፥ ከጀርመንና ከኢጣሊያ የመጡ ድኾች፥ ለቀን ሁለት ብር ያህል የአሜሪካ ገንዘብ እየተቀበሉ በዚያ ጭቃና ድንጋይ ይቈፍሩ ነበር። ሣጥኑ በጠለቀ ቍጥር አየሩ ይበልጥ ይታመቃል። ሰው ከዚያ ፈጥኖ በወጣ ጊዜ በደሙ የገባው አየር አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያውን ያጣምመዋል፤ አንዳንዱንም ሽባ ያደርገዋል ወይም ይገድለዋል። በዚያ ዘመን ምክንያቱ ገና በደንብ አልታወቀም ነበር፤ ሐኪሙ ስሚዝ ግን 110 ሕሙማን መዝግቧል።

በብሩክሊን ወገን 13 ሜትር ተኩል ያህል ወርደው ቆሙ። በኒውዮርክ ወገን ግን 24 ሜትር ያህል ወርደውም ዓለቱ ገና ከታች ነበር። በ1872 ሰዎች መሞት ጀመሩ። ዋሽንግተን አሸዋውን መርምሮ፥ ከጥንት ጀምሮ ያልተነካና የጠነከረ መሆኑን አይቶ፥ ቁፋሮው ይቁም ብሎ አዘዘ። ከዓለት ላይ ሳይደርሱ እንዲህ ያለ ግንብ ማቆም የሚያስደፍር አይደለም፤ በኔ አስተያየት በሥራው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ውሳኔ የለም። ግንቡም ዛሬ ድረስ በዚያው አሸዋ ላይ ቆሟል።

እርሱ ራሱ ግን በዚያው ዓመት በዚሁ ደዌ ተመታ፤ ከቤቱም ሆኖ ሥራውን በመስኮት በመነጽር ይመለከት ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ኤሚሊ ቃሉን ትጽፍ፥ ትእዛዙንም ወደ ሥራው ስፍራ ታደርስ ነበር። ሒሳብንና የብረትን ጥንካሬ የሚመረምረውን ትምህርት ስለ ተማረች መሐንዲሶቹን እንደ ባልንጀራ ታነጋግራቸው ነበር። ይህም ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።

በ1878 ደግሞ ሽቦ አቅራቢው ነጋዴ በምርመራ ጊዜ መልካሙን ሽቦ አሳይቶ በመንገድ በተጣለው ይለውጠው እንደ ነበር ተገለጠ። የገባውን ማውጣት አልተቻለም። ዋሽንግተን ግን ገመዱን ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ እንዲበረታ አስቦት ስለ ነበር፥ በየገመዱ 150 ያህል ሽቦ አስጨምሮ ሥራውን ቀጠለ።

ድልድዩ ግንቦት 17 ቀን 1875 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በ1883፥ ተመረቀ። በሁለቱ ግንቦች መካከል 486 ሜትር ነው። ፕሬዚዳንቱ አርተር በእግራቸው ተሻገሩ፤ አብራም ሂዊት የተባሉ እንደራሴም በንግግራቸው የወይዘሮ ኤሚሊን ስም አመሰገኑ። ዋሽንግተን በዓሉን ያየው ከመስኮቱ ሆኖ ነው። በሥራው የሞቱት ከሃያ ያላነሱ ናቸው፤ ቍጥራቸው ግን በትክክል አልተጻፈም።