የተራራ ጉዞ ስንቅና ጓዝ፤ ዘነበወርቅ ስለ እግር ካስተማረው

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ተራራ ጉዞ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው የጫፉ ከፍታ ነው። ይሁን እንጂ መንገደኛን ከመንገድ የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ የተራራው ቁመት ሳይሆን፣ ተረከዝ ላይ የወጣች ስሙኒ የምታህል ቁስል፣ ያለ ልክ የተጫነ ጓዝ ወይም ዝናብ ያረጠበው የሌሊት ልብስ ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ሊታሰብባቸው የሚቻሉ ናቸው።

ይህ ጉዳይ በዘነበወርቅ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል የሆነው አለርት ተቋቁሟል። ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ ከሩቅ አገር በእግር እየተጓዙ መጥተዋል፤ ብዙዎቹም በአካባቢው ቀርተው ጎጆ ቀልሰዋል። ስለዚህ ረጅም መንገድ በእግር ላይ ምን እንደሚያደርስ ዘነበወርቅ የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

በሕንድ አገር በቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እግር የሚቆስለው ደዌው ራሱ ሥጋን ስለሚያበሰብስ ሳይሆን፣ ነርቭ ተጎድቶ የሕመም ስሜት ስለሚጠፋ መሆኑን አስረዳ። ጤነኛ ሰው ጫማው ሲፈገፍገው ያነክሳል፤ አረማመዱን ይለውጣል፤ ይቀመጣል። ስሜት የሌለው እግር ግን በዚያው ሥፍራ ላይ ሺህ ጊዜ ይረግጣል፤ ቀላሉም ጫና በመደጋገሙ ብቻ ቁስል ይሆናል። ሕመም እንግዲህ ጠላት ሳይሆን ዘበኛ ነው።

ይህ ትምህርት ለተራራ ተጓዥ የመጀመሪያው መመሪያ ነው። ጤነኛው መንገደኛ ዘበኛው እያለለት፣ ከጓደኞቹ ላለመዘግየት ወይም እንደ ደካማ ላለመቆጠር ሲል አፉን ያስይዘዋል። እግር ሲሞቅና ሲቃጠል በዚያው ቅጽበት ቆሞ ጫማን ማውለቅ፣ ካልሲን ማስተካከል፣ የቀላውን ሥፍራ በፕላስተር መሸፈን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። አንድ ሰዓት የዘገየ እንደሆነ ግን ውኃ የቋጠረው ቁስል የቀረውን ቀን ሁሉ ይወስዳል። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይገዛም፤ ቢያንስ ከሦስትና አራት ሳምንት በፊት ተገዝቶ ሊለመድ ይገባዋል። የእግር ጥፍር አስቀድሞ ይቆረጣል። ማታ ማታም እግር ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በብርሃን ይመረመራል፤ ይኸው ልማድ ስሜት ያጣ እግር ላለው ሕመምተኛ ሁሉ በየቀኑ የሚመከር ነው። ለልምምድም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ጫማንም ሻንጣንም ትንፋሽንም በአንድ ቀን ይፈትናል።

ሁለተኛው ነገር የመንገዱ አከፋፈል ነው። ለምሳሌ የስሜን ተራሮችን እንውሰድ። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተለመደው ጉዞ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር 3,250፣ በግጭ 3,600፣ በጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ያሳድራል፤ ከዚያ በብዋሂት መተላለፊያ በኩል ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ 3,200 ሜትር ያህል በሆነው በአምቢቆ ያሳድርና በማግሥቱ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ራስ ዳሸን ያወጣል። በዚህ አከፋፈል ውስጥ ጥበብ አለ፤ ቀን ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ሌሊት ዝቅ ብሎ ይታደራል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ምክር ነው። ቀን ለማትረፍ ሲባል ሁለት ሰፈርን በአንድ ቀን የሚያልፍ ሰው ይህን ሥርዓት ያፈርሳል።

በከፍታ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሲመጡ እነሱም ዘበኞች ናቸው። የራስ ምታቱን በክኒን አስታግሶ ወደ ላይ መቀጠል ዘበኛውን አስሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ይቆጠራል። ምልክቱ ያለበት ሰው ባለበት ይረፍ፤ ካልተሻለው ይውረድ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመረ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር መውረድ አለበት።

ሦስተኛው ስንቅ ነው። በ3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ባቄላና ምስር ረጅም ጊዜና ብዙ ማገዶ ይጠይቃሉ። ማገዶው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድገው አስታ ስለሆነ እሱን መቁረጥ የዋልያን አገር ማራቆት ነው፤ ምድጃና ነዳጅ ይዞ መሄድ ይገባል። የአገራችን ሰው ለዘመቻና ለንግድ ሲወጣ የሚይዘው ስንቅ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ጭኮ በቅቤ የታሸ ስለሆነ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ እየተራመዱ ይበላሉ፤ ድርቆሽና ሽሮ ለእራት በጥቂት እሳት ይደርሳሉ። የሚጠጣ ውኃ በከፍታ ላይ ሦስት ደቂቃ ሙሉ መፍላት አለበት።

አራተኛው የጓዝ ልክ ነው። በጀርባ የሚሸከመው ሰው ጭነቱ ከሰውነቱ ክብደት አራተኛ እጅ ባያልፍ ይመረጣል፤ ስድሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፍተኛው አሥራ አምስት ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በሚዛን ይመዘን፤ በዓይን የተገመተ ጓዝ ሁልጊዜ ይዋሻል። የመኝታ ከረጢት ከታች፣ ከባዱ ዕቃ ከጀርባ አጠገብ መሃል ላይ፣ የዝናብ ልብስ ከላይ ይቀመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል፣ የሌሊት ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ምንም ቢመጣ መድረቅ አለበት። ጓዙ በበቅሎ ቢጫንም፣ በቅሎዋ በሌላ መንገድ ልትሄድ ወይም ልትዘገይ ስለምትችል፣ ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ባትሪና የእግር መድኃኒት ከባለቤቱ ትከሻ አይለዩም።

በመጨረሻም ከዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሰው ነው። በቅሎ ነጂው በኮንጎ ጫማና በአንድ ጋቢ ብቻ ከወጣ፣ ቀጣሪው በሞቀ ከረጢት ውስጥ ሲተኛ እሱ ውጭ ውርጭ ሊመታው ነው። ስንቅና ድንኳን ሲቆጠር የእሱም ድርሻ አብሮ ይቆጠር፤ እግሩም ከሌሎቹ እግር ጋር ማታ ይታይ። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት እንዳሳየው፣ የአገሩን ጸጥታ አስቀድሞ ከአካባቢው ሰዎችና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣርቶ መነሣት ከጓዝ ሁሉ የሚቀድም ዝግጅት ነው።

ክቡራን ባልደረቦች፤ የማይሰማው እግር ያለው ሰው በዓይኑ፣ በእጁና በሥርዓቱ ራሱን ይጠብቃል። የሚሰማው እግር ያለው ደግሞ የሚነገረውን መስማት ብቻ ይበቃዋል። ተራራው በሚቀጥለው ዓመትም በቦታው ይገኛልና፣ ጓዝ ሲዘጋጅ ለመመለሻ የሚሆን አንድ ትርፍ ቀንና አንድ ትርፍ ስንቅ አብሮ ይታሰር።