ከፍንዳታው በኋላ የሚበረው መስታወት

እሷ፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 ናይሮቢ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት የመጀመሪያውን ድምፅ የሰሙ ብዙዎች ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሄዱ። ዋናው ቦምብ ሲፈነዳ የመስታወት ስብርባሪ የስንቱን ዓይን አጠፋ!

እሱ፦ ያሳዝናል፣ እህቴ። እዚህ ሞያሌ ለፀሐይ ብለን መስኮት ላይ የምንለጥፈው ጥቁር ፕላስቲክስ ያድናል?

እሷ፦ እሱ ቀጭን ነው፣ ወንድሜ። ለደኅንነት የሚለጠፈው ወፍራም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ማይክሮን ይጀምራል። መስታወቱ ቢሰነጠቅም ስብርባሪውን አጣብቆ ይይዛል፤ ሌባንም ያዘገያል። ጥይት ግን አያቆምም። ጠርዙ ከመስኮቱ ፍሬም ጋር ካልተያያዘ ደግሞ ፍንዳታ መስታወቱን እንዳለ ሊነቅለው ይችላል።

እሱ፦ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የምትመሩ አድማጮቻችን፣ ስለ ደኅንነት ፕላስቲኩ ባለሙያ ጠይቁ። ሁላችሁም ፍንዳታ ስትሰሙ ከመስኮት ራቁ።