ከሰኞ ገበያ እስከ ጨፋ፦ አረንጓዴ ሥፍራና የቦርከና ወሰን



ወሰን ተሻጋሪ ትብብር ሲባል ሐሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው ሁለት አገሮችን ወደሚለይ ድንበር ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችን በታክሲ ስለምንሻገረው፣ ደሴ አብቅታ ኮምቦልቻ ስለምትጀምርበት ወሰን ነው።

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ከመኪናው መንገድ አስቀድሞ ያገናኛቸው ቦርከና ነው። ወንዙ ደሴን አቋርጦ፣ በገደሉ ወርዶ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል፤ ውሃውም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ሰኞ ገበያን ተመልከቱ። ገበያ ከደጋም ከቆላም ሰው ይሰበስባል፤ ሲበተን ግን ላስቲኩና ገለባው ይቀራል። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ወዴት እንደሚጓዝ ለማወቅ ጥናት አያሻም፤ ቁልቁለቱ ይናገራል። እንግዲህ ኮምቦልቻ በወንዟ ዳር መናፈሻ ልሥራ ብትል የመጀመሪያው ችግኝ መተከል ያለበት ከአስተዳደር ክልሏ ውጭ፣ በጦሳ ተዳፋት ላይ ነው። ድካሙ የላይኛው ሰፈር፣ ጥቅሙ በአብዛኛው የታችኛው ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። (ደሴ መናፈሻ የሚባል ሰፈር አላት፤ ስም ብቻውን ጥላ ቢሰጥ ኖሮ ይህ ንግግር ባላስፈለገ ነበር።)

ችግኝ መትከል ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተከልሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከተከለለው ብዙው ተመነጠረ። የጎደለው ችግኝ አልነበረም፤ «የእኔ ነው» ባይ ነበር። ስለዚህ ስንት ተተከለ ከማለት በፊት ሣሩ የማን ነው ብለን እንጠይቅ። ከንክኪ የተጠበቀ ተዳፋት ዛፍ ከማብቀሉ በፊት ሣር ይሰጣል፤ ከብት ሳይገባ አጭዶ መውሰድ ከተፈቀደ ላም ያላት እናት ከማንም ዘበኛ በላይ ትጠብቀዋለች።

ይህን የሚያስተዳድር ተቋም ከውጭ ማስመጣት አይኖርብንም። ቅሬ አለን። አባሉን በስም ያውቃል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ በብዙ ሰፈርም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ ያስቀብራል። የላይኛውና የታችኛው ቅሬዎች በአንድ ሰነድ ቢስማሙ፣ የታችኛው የጥበቃ ወጪ ቢያዋጣ፣ የላይኛው ሣሩን ቢያጭድ፣ ማዘጋጃ ቤቶቹም የወንዙን ዳር በይዞታ ማረጋገጫ ቢያጸኑት፣ ውሉ መሠረት ይኖረዋል። ከኮምቦልቻ በታች፣ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ ከብት በሚገናኝበት በጨፋ፣ ቅሬ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎቹን አበጋሮችን የሚሰማ ብዙ ነው።

ሐሳቤ ክፍተት የለውም አልልም። ቅሬ የቋሚ ነዋሪ ማኅበር ነው። በወንዙ ዳር የሚያድረው ተከራይ፣ በገበያው ጥግ ላስቲክ ዘርግታ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት በመዝገቡ ላይ የሉም፤ ዳርቻው ሲከለል ግን ቀድመው የሚነሡት እነርሱ ናቸው። በውሉ ላይ ማን ይፈርምላቸዋል? ውይይታችንን ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።