ስለ ኤሌክትሪክ የዕቃ መኪናና ስለ ሐረጎ ዳገት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሁሉ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ያውቀዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፥ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩትም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አነስተኛ የዕቃ መኪናዎች በዚህ መንገድ ላይ ለነጋዴው እንዴት ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት ወሬ አይደለም። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ቤንዚንና ናፍጣ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፥ ከኤሌክትሪካችን ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚገኘው ግን ከገዛ ወንዞቻችን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

በባትሪ በሚሄድ መኪና ዕቃ ማመላለስ አዲስ ነገር አይደለም። ባለፈው ምዕት ዓመት በእንግሊዝ አገር ወተት ሻጮች በየደጃፉ ጠርሙስ ያደርሱ የነበረው በእንዲህ ያለው መኪና ነበር። በየቀኑ አንድ መንገድ ለሚመላለስ፥ በየቤቱ ለሚቆምና ለረጅም ሰዓት ለሚያርፍ ሥራ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷልና። የእኛ ነጋዴ መንገድም አጭርና የታወቀ ነው። ነገር ግን እንግሊዛዊው ወተት ሻጭ ሐረጎን አልወጣም!

አንድ የደሴ ፒያሳ ነጋዴ ከኮምቦልቻ መጋዘን ዱቄትና ዘይት ጭኖ ይወጣል እንበል። መኪናው ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ቢመዝን፥ ይህን ክብደት 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በሜዳ ቢሆን ለ25 ኪሎ ሜትር የሚወጣው ኃይልም በዚህ ላይ ይደመራል። ሲወርድ ግን ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን እየያዘ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከፊሉንም ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል።

ሆኖም ሁለት ነገር መዘንጋት አይገባም። አንደኛ፥ ከአዲስ አበባም ሆነ ከባቲ በኩል የሚመጣው ዕቃ ኮምቦልቻ ደርሶ ወደ ደሴ የሚወጣ በመሆኑ፥ መኪናው ብዙ ጊዜ ዳገቱን የሚወጣው ተጭኖ፥ ቁልቁለቱን የሚወርደው ባዶውን ነው። ባዶ መኪና ደግሞ የሚመልሰው ኃይል ጥቂት ነው። ሁለተኛ፥ ደሴ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚነሣ ሾፌር ለሚመለሰው ኃይል ማኖሪያ ስለማይኖረው፥ ቁልቁለቱን በተራው ፍሬን ለመውረድ ይገደዳል። ስለዚህ ጥቂት ጎደል አድርጎ መነሣት ብልህነት ነው።

እንግዲህ ሻጩ «አንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ያስኬዳል» ቢል፥ ቁጥሩ ሐረጎን አይቶ የተጻፈ አይደለም። ገዢው ውሉን ከመፈረሙ በፊት መኪናውን ጭኖ ዳገቱን ይውጣ፤ ምን ያህል ኃይል እንደ ቀረውም በዓይኑ ይይ። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ ባትሪው ነውና፥ ዋስትናው ስንት ዓመት እንደ ሆነና ማን እንደሚጠግነው በጽሑፍ ይቀበል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የሚፈታው ግን የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወገኖቼ ሆይ፥ ይህ ምክር ለነጋዴው ብቻ አይደለም። ለመሥሪያ ቤታችሁ መኪና የመግዣ ዝርዝር ስታዘጋጁ «ተጭኖ ዳገት የሚወጣ» የሚለውን ቃል አትርሱ። የቆጣሪ ማሻሻያ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣውንም ነጋዴ «ነገ ተመለስ» አትበሉት። ሌሊት ያልተሞላ መኪና ጧት አይነሣምና፥ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ የዘገየች አንዲት ወረቀት ሐረጎን ከሚያህል ዳገት ትበልጥበታለች።

ደኅና እደሩ።